የስክሪን ሩሌት ዕጣ እውነት በዕድል ነው? ሚዛኑን ለብቻ፣ ዋጋውን ለብቻ

ጥያቄው፦ «ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ቤቲንግ ቤት በስክሪን የሚሽከረከር ሩሌት እንጫወታለን። ጓደኞቼ ብዙ ብር የተያዘበት ቁጥር አይወጣም፣ ኮምፒውተሩ ትኬታችንን አይቶ ነው የሚመርጠው ይላሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ያው ቁጥሮች ይደጋገማሉ የሚሉም አሉ። ዕጣው እውነት በዕድል ነው? እኛስ የምናረጋግጥበት መንገድ አለ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ተደርቧል፤ መጀመሪያ እናላቃቸው። ሰኞ ገበያ ጤፍ ስትገዛ ሚዛኑ ልክ ነው ወይ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የኪሎው ዋጋ ውድ ነው ወይ የሚለው ሌላ። ሚዛኑ ቅንጣት ሳይዛነፍ ዋጋው ሊያከስርህ ይችላል። በስክሪን ሩሌትም ዕጣው ሚዛኑ ነው፣ ለአሸናፊ የሚከፈለው ብር ደግሞ ዋጋው። ሰው ሁሉ የሚጣላው በሚዛኑ ነው፤ ብሩ የሚያልቀው ግን በዋጋው ነው። ዋጋውን በእስክሪብቶና በወረቀት አምስት ደቂቃ ውስጥ ታሰላዋለህ፤ ሚዛኑን መፈተሽ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ከዋጋው እንጀምር።

ትኬትህን አውጣና ተመልከት። አውሮፓዊው ሩሌት ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉት። በ17 ላይ 20 ብር አስይዘህ፣ ካሸነፍክ የምታገኘው ተብሎ የተጻፈው 720 ብር ከሆነ ኦዱ (ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር) 36 ነው። ልብ በል፤ ይህ 720 ያስያዝከውን 20 ብር ጨምሮ ነው። አሁን በ37ቱም ቁጥሮች ላይ 20፣ 20 ብር አስያዝክ እንበል። ያወጣኸው 740 ብር ነው። አንዱ ቁጥር መውጣቱ ስለማይቀር 720 ብር ይመለስልሃል። ሃያዋ ብር የት ገባች? የቤቱ ድርሻ ናት፤ ከመቶ 2.7። ዕጣው በዓለም ላይ ካለው ሁሉ የነጻ ቢሆን እንኳ ይህቺ አትቀርም።

ትኬቱ ላይ 720 ሳይሆን 700 ካየህ ኦዱ 35 ነው፤ ድርሻው ከመቶ 5.4 ሆነ ማለት ነው። 660 ካየህ ኦዱ 33 ነው፤ ከመቶ 10.8 ደረሰ። ሦስቱንም ስክሪን ላይ ስታያቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያው ቀይ ጥቁር፣ ያው ኳስ፣ ያው ድምፅ። ልዩነቱ ያለው ትኬቱ ላይ ባለች አንዲት ቁጥር ነው። 0 ብቻ ሳይሆን 00ም ካለው አሜሪካዊው ዓይነት ነው፤ 38 ቁጥር ይሆንና በ36 ቢከፈልም የቤቱ ድርሻ 5.26 ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ይህ ድርሻ የሚቆረጠው ኪስህ ውስጥ ይዘህ ከገባኸው ብር አይደለም፤ በየዙሩ ካስያዝከው ድምር ነው። 500 ብር ይዘህ ገብተህ በ10 በ10 ብር 200 ዙር ከተጫወትክ፣ እያሸነፍክም እየተበላህም፣ ያገላበጥከው 2,000 ብር ነው። በ2.7 ሲሰላ በአማካይ 54 ብር ይቀርብሃል፣ በ10.8 ሲሰላ 216 ብር። ዙሩ ፈጣን በሆነ ቁጥር ይህ ሂሳብም ይፈጥናል። የኤሌክትሮኒክ ጠረጴዛ ከሰው አጫዋች የሚለየው ዋናው ነገርም ይኸው ነው፤ ቺፕ መሰብሰብ የለም፣ ካርድ ማደባለቅ የለም፣ ዙሩ ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

እንዲሁ በስክሪን ለሚታየው የውሻ ውድድርም ሂሳቡ ቀላል ነው። 1ን በእያንዳንዱ ውሻ ኦድ አካፍልና ውጤቶቹን ደምር። ስድስት ውሾች 3.2፣ 4፣ 5፣ 6.5፣ 8 እና 11 ኦድ ቢኖራቸው ድምሩ 1.13 ገደማ ይመጣል። ከ1 ያለፈው የቤቱ ነው። 100ን በ113 ስታካፍለው ከመቶ 88 ብር ተመላሽ፣ 12 ብር ግድም ቀሪ ማለት ነው። ኦዱ 36 ከሆነው ሩሌት አራት እጥፍ ይወደዳል።

ወደ ሚዛኑ እንምጣ።

ስክሪኑ ላይ የምታያት ኳስ ዕጣ አትጥልም። ቁጥሩ ኳሷ መሽከርከር ከመጀመሯ በፊት ተመርጦ ሊያልቅ ይችላል፤ ምስሉ የተመረጠውን የሚያሳይ ፊልም ነው። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ወሳኙ ቁጥሩ የተመረጠው ትኬት መቁረጥ ከመዘጋቱ በፊት ነው ወይስ ከተዘጋ በኋላ፣ ያስያዛችሁትስ ምርጫው ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለው ነው።

ቁጥሩን የሚመርጠው የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ የሚባል ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር በራሱ ዕድል የሚባል ነገር የለውም፤ የታዘዘውን ያሰላል። ስለዚህ አመንጪው መነሻ ይፈልጋል፣ ባለሙያዎች «ዘር» ይሉታል። ከዘሩ ተነስቶ በቀመር እየረገጠ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ያወጣል። ዘሩ ያው ከሆነ ሰልፉም ያው ነው። ጥሩ ሲስተም ዘሩን የሚወስደው ከኤሌክትሪክ ዑደት ሙቀትና ጫጫታ፣ ማለትም ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው ከማይችለው ነገር ነው፤ ከዚያም ለምስጢር መጠበቂያ በተሠራ ቀመር ያበዛዋል። ማንም ሳይጫወትም ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። ደካማ ሲስተም ደግሞ ዘሩን ከሰዓቱ ይወስዳል። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ሚሊሰከንድ 86,400,000 ብቻ ነው፤ ለሰው ብዙ ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን ተራ በተራ ሊሞክረው የሚችለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የኢንተርኔት ፖከር ፕሮግራም ካርዱን የሚያደባልቀው በዚህ መንገድ እንደነበር ባለሙያዎች ደረሱበትና ጥቂት ካርዶች አይተው የሌላውን ሁሉ እጅ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያልከው እንግዲህ ከንቱ ወሬ ነው ብዬ አላልፈውም፤ በሌላ አገር በእርግጥ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሞንትሪያል ካሲኖ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ኬኖ (የሚወጡትን ቁጥሮች የመገመት ጨዋታ) ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ከዚያው ዘር ስለሚነሳ ያንኑ ሰልፍ ይደግም ነበር። ዳንኤል ኮሪቮ የተባለ ተጫዋች ነገሩን አስተውሎ ከ600,000 በላይ የካናዳ ዶላር አሸነፈ። ተመርምሮም ማጭበርበር ስላልተገኘበት ብሩ ተከፈለው። ዛሬም ቢሆን ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ፣ የሰዓቱ ባትሪ (ያቺ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው) የሞተች፣ ዘሩን ከሰዓት የሚወስድ ፕሮግራም ቢኖር መብራት በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ አንድ ጥንታዊ ቀን ይመለሳል፤ ዕጣውም አብሮ።

ግን መጀመሪያ ዕጣው የት እንደሚወጣ እወቅ። ቤቱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው የሚያወጣው ወይስ ሩቅ ያለ ሰርቨር? መንገዱ ቀላል ነው። ኮምቦልቻ ያለ ወዳጅህን ደውልለትና ያው ድርጅት ያለው ቤት ገብቶ በዚያው ሰዓት የዙር ቁጥሩንና የወጣውን ይንገርህ። ዙሩም ቁጥሩም ከደሴው ጋር አንድ ከሆነ ዕጣው የሚወጣው ለሁሉም ቤት በአንድ ሰርቨር ነው። እንዲያ ከሆነ የእናንተ ቤት መብራት መጥፋት ዕጣውን አይነካውም፤ የጠፋው ስክሪኑ ነው። መብራቱ ሲመጣ የዙር ቁጥሩን ተመልከት፤ ከ4512 ተነስቶ 4530 ላይ ከደረሰ እናንተ ጨለማ ውስጥ ሳላችሁ እዚያ 17 ዙር ወጥቷል ማለት ነው።

ሁለቱ ከተማ የተለያየ ቁጥር ካሳየ ወይም ዙሩ ካቆመበት ከቀጠለ ግን የመብራቱን ነገር ፈትሽ። መብራት መጥቶ ሲስተሙ እንደገና ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን 20 ቁጥሮች በቅደም ተከተላቸው ጻፍ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ከዚያ አስተያይ። ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች በዚያው ቦታቸው በዕድል የመመሳሰላቸው ነገር ከ50,653 አንዴ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ቢገጥም አትደንግጥ፤ አምስት ስድስቱ በተራቸው ከገጠሙ ግን ዕድል አይደለም፤ ዘሩ ተደግሟል። «17 እንደገና ወጣ፣ 17 ይወዳል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃ የሚሆነው ቅደም ተከተሉ ነው።

ሌላም ጥፋት አለ፤ ተንኮል የሌለበት፣ ከሰነፍ ፕሮግራመር የሚመጣ። አመንጪው ከ0 እስከ 255 ካሉት 256 ቁጥሮች አንዱን ያወጣል እንበል። ሩሌቱ የሚፈልገው ግን ከ0 እስከ 36 ነው። ሰነፉ ለ37 ያካፍልና ቀሪውን ይወስዳል። 256 ግን ለ37 እኩል አይካፈልም፤ 6 ጊዜ ደርሶ 34 ይተርፋል። ስለዚህ ከ0 እስከ 33 ያሉት ቁጥሮች ከ256ቱ 7፣ 7 ዕድል ሲደርሳቸው 34፣ 35 እና 36 ግን 6፣ 6 ብቻ ይደርሳቸዋል። ትክክለኛው አሠራር 222 እና ከዚያ በላይ የመጣውን ጥሎ እንደገና ማውጣት ነው፤ ከ0 እስከ 221 ያሉት 222 ቁጥሮች ለ37 እኩል ስድስት ስድስት ይደርሳሉ። ታዲያ ስህተቱን ባወቅህ ትጠቀማለህ? በ36 ኦድ የተሻሉት ቁጥሮች ከ100 ብር 98.4 ይመልሳሉ። የተዛነፈ ሚዛን ሆኖም ቤቱ አሁንም ይበልጣል፤ በ34 ላይ ያስያዘው ሰው ደግሞ 84.4 ብቻ ነው የሚመለስለት።

አሁን ዋናው ሐሜት፦ «ብዙ ብር የተያዘበት ቁጥር አይወጣም»። በቴክኒክ ይቻላል ወይ ካልከኝ ይቻላል፤ ትኬቶቹን ደምሮ ትንሽ የሚያስከፍለውን ቁጥር የሚመርጥ ፕሮግራም ጥቂት መስመር ነው። ጂ ኤል አይን የመሰሉ የጨዋታ መመርመሪያ ላቦራቶሪዎች መስፈርት ይህን ይከለክላል፤ ያስያዝከው መጠንም ሆነ ያለፈው ዙር ውጤት የሚቀጥለውን መንካት የለበትም። በአሜሪካ የኔቫዳ ደንብም ስክሪን ላይ ካርድ ወይም ዳይስ አሳይቶ የሚያጫውት ማሽን ዕድሉ ከእውነተኛው ካርድና ዳይስ ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። ሥዕሉ ሩሌት ከሆነ ዕድሉም የሩሌት ይሁን ነው ነገሩ፤ ልክ ነው እላለሁ።

ነገር ግን ዓይናችሁ የሚያየውንም በሂሳብ አስቡት። ማታ ቤቱ ሞልቶ አሥር ቁጥር ላይ ጠበቅ ያለ ብር ተይዟል እንበል። ቀሪዎቹ 27 ናቸው። በፍጹም ነጻ ዕጣ እንኳ ከ100 ዙር በ73ቱ «ብር ያልተያዘበት» ይወጣል። ቤቱ በሙሉ በአንድ ላይ የሚጮኸው በእነዚያ 73 ዙሮች ነው። አእምሮም የሚይዘው ጩኸቱን ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየው «ትኩስ» እና «ቀዝቃዛ» ቁጥር ዝርዝርም እንዲሁ ያስታል። በ37 ዙር ውስጥ በአማካይ 13 ቁጥሮች ጨርሶ አይወጡም። በ100 ዙርም ሁለት ሦስት ቁጥር ሳይወጣ ይቀራል። ቀይ ስምንት ጊዜ ተከታትሎ መውጣቱ ከ319 አንዴ የሚያጋጥም ነው፤ በቀን 240 ዙር በሚወጣበት ቤት ቀይም ጥቁርም ሲቆጠር በየአንድ ሁለት ቀኑ ይታያል። «ሳይወጣ ቆይቷል፣ አሁን ይወጣል» ብለህ የምታስይዘው ብር ዕድሉ ከሌላው ቁጥር ጋር እኩል ነው፤ አንድም አይጨምርለትም። እጥፍ እያደረጉ መሄዱም እንዲሁ። በ10 ብር ጀምረህ በቀይ ላይ ስምንት ጊዜ ከተበላህ 2,550 ብር ሄዷል። ይህ ከ207 ጅማሬ አንዴ ይመጣል። በሌሎቹ 206 ጊዜያት 10፣ 10 ብር ብታተርፍ 2,060 ብር ነው። ልዩነቱን ራስህ ቀንሰው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ እንዲህ ይደረጋል። ብር ማስያዝ አያስፈልግም፤ ደብተርና አራት ሰው ይበቃል። በየሦስት ደቂቃው አንድ ዙር ከወጣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት 240 ዙር ይሆናል፤ 3,700 ዙር ለመሙላት 16 ቀን ያህል ነው። ተራ ግቡ። የምትጽፉት ሦስት ነገር ነው፤ የዙር ቁጥር፣ ሰዓት፣ የወጣው ቁጥር። ያመለጣችሁን ዙር በግምት አትሙሉ፤ ባዶ ተዉት። ያለፉት ውጤቶች ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ በስልክ ፎቶ አንሱት።

በ3,700 ዙር እያንዳንዱ ቁጥር በአማካይ 100 ጊዜ ይወጣል። ከ80 እስከ 120 ያለው ጤነኛ ነው፤ ከ37ቱ አንድ ሁለቱ ከዚያ ቢወጡም አይገርምም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ የወጣበትን ብዛት ከ100 ቀንሰህ፣ ልዩነቱን በራሱ አባዝተህ፣ ለ100 አካፍል፤ 37ቱንም ደምር። ድምሩ ከ51 በታች ከሆነ የሚያጠራጥር ነገር አልተገኘም። ከ51 ካለፈ፣ ነጻ የሆነም ዕጣ ከ100 አምስት ጊዜ እዚያ ስለሚደርስ፣ ሳትጮኹ ሌላ 3,700 ጻፉ። ከ58.6 በላይ ሁለቴ ከመጣ ነገር አለ።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበውን ፈተና እኔ እመርጣለሁ፤ ድግግሞሹን ቁጠሩ። ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መውጣት ያለበት ከ37 አንዴ ነው፤ በ3,700 ዙር 100 ጊዜ ያህል። ሰው «ዕድል እንዲመስል» ብሎ የነካካው ሲስተም ድግግሞሽን ይሸሻል፤ ሰው ድግግሞሽ ሲያይ ይጠረጥራልና። ከ70 በታች ከሆነ እጅ ገብቶበታል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ነው።

ለሐሜቱ ደግሞ የተለየ መዝገብ አለው። ትኬት ከመዘጋቱ በፊት፣ ከዚያ በኋላ በፍጹም አይሆንም፣ ቤቱ ውስጥ ብዙ ብር የተያዘበትን አንድ ቁጥር ጻፉ። ይህን 1,000 ዙር አድርጉ። ከ17 እስከ 37 ጊዜ ከወጣ ሐሜቱ ውድቅ ነው። 10 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከባድ ነገር ነው። ይህ የሚሠራው ግን ዕጣው እዚያው ቤት የሚወጣ ከሆነ ነው፤ ለብዙ ከተማ በአንድ ሰርቨር የሚወጣ ከሆነ የፒያሳ ትኬት ከድምሩ ውስጥ ጠብታ ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም።

በደብተር የማይያዝ ማጭበርበርም አለ። ኤዲ ቲፕተን በአሜሪካ የብዙ ግዛቶች ሎተሪ ማኅበር የመረጃ ደህንነት ኃላፊ ነበር። በዓመት በሦስት ቀናት ላይ ብቻ ዕጣው አስቀድሞ እንዲታወቅ የሚያደርግ ኮድ ፕሮግራሙ ውስጥ ቀበረ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2010 በወጣው 16.5 ሚሊዮን ዶላር ዕጣ ተጠርጥሮ ክሩ ተመዘዘ፤ በ2017 እስከ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በቀሩት ቀናት ዕጣው ጤነኛ ስለነበር 3,700 አይደለም 37,000 ብትጽፍ አይታይም። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ኮዱን መስመር በመስመር ያነበበ መርማሪ ነው፤ ከዚያም የተመረመረው ፋይል የዲጂታል አሻራ ተወስዶ ማሽኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ ቤቱን ስትጠይቁ «ፈቃድ አላችሁ?» ብላችሁ አትመለሱ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የድርጅቱ ፈቃድ ነው፤ የጨዋታው ምርመራ አይደለም። የጨዋታው አቅራቢ ማነው፣ የስሪቱ (የቨርዥኑ) ቁጥር ስንት ነው፣ የትኛው ላቦራቶሪ መረመረው፣ ይህንኑ ስሪት ነው ወይ በሉ። ካሸሩ ላያውቅ ይችላል፤ እሱን አታስጨንቁት፣ ለኃላፊው አቅርቡ።

በቴሌግራም «የሚቀጥለውን ቁጥር እንነግራለን» እያሉ አፕ የሚሸጡትን ግን እለምንሃለሁ ራቃቸው። ጤነኛ አመንጪ ከሆነ ማንም አያውቀውም። ዘሩ የሚደገም ደካማ ከሆነ ደግሞ የሚታወቀው እዚያው ቤት በተጻፈ ቅደም ተከተል እንጂ ከሩቅ በተላከ አፕ አይደለም። እነሱ የሚፈልጉት የአካውንትህን የይለፍ ቃልና የምትልክላቸውን ብር ነው፤ ስንት የባጃጅ ልጅ የቀን ገቢውን እዚያ ጥሏል።

ትኬትህን በተመለከተ፦ ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍበት ዓይነት ነው፤ ባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ካስቀመጥከው ይጠቁራል፣ ኪስ ውስጥ ከከረመም ይደበዝዛል። እንደቆረጥክ የዙር ቁጥሩና ባርኮዱ በደንብ እንዲታይ ፎቶ አንሳው። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ትኬቱን አትጣል፤ ዕጣው በሰርቨር ከወጣ ውጤቱ ተመዝግቧልና ሲስተም ሲመለስ ይታያል። ዙሩ ተሰርዞ ከሆነ ያስያዝከው ብር ተመላሽ እንዲሆን ጠይቅ።

ደብተራችሁ በእርግጥ የተደገመ ቅደም ተከተል ወይም ወደ 10 እና ከዚያ በታች የወረደ መዝገብ ካሳየ፣ ቤቱ ውስጥ ጠብ አታንሱ። የዙር ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የስክሪን ፎቶዎቹን አያይዛችሁ ፈቃዱን ለሚሰጠው፣ በተለምዶ ብሔራዊ ሎተሪ ለምንለው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። የምትሰጡት ኮፒውን ነው፤ ዋናው ደብተር እናንተ ጋ ይቆይ፣ የተቀባዩንም ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።